ያልታሰረ እንሰት አይቆረጥም

እኔ ባይነሽ ወልደ ማርያም፣ መኖሪያዬ በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ከቆጮ ተራ ጀርባ የሆነ፣ ዛሬ ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የከዳኝ እግሬ ነው። አእምሮዬ እንዳለ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገኝ አንድም አልረሳሁም፤ ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ቃሌን የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊው ገብረ ማርያም ነው። ጨዋ ሰው ስለሆነ ቁጣዬን አለዝቦ ለመጻፍ ይሞክራል። «ክፉኛ አሳዘነኝ» የሚል ጽፎ አነበበልኝ፤ እኔ ያልኩት «አቃጠለኝ» ነው። አሰርዤዋለሁ።

ምስክሮቼ አራት ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ በገበያ ስትፎካከረኝ የኖረችው ካሚላ፣ ቅቤ ነጋዴው ጃፋር፣ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ፍቃዱ፣ ከጎጃም በረንዳም ባለመጋዘኑ ጓንጉል። ካሚላን ያስጠራኋት ስለምወዳት አይደለም። ወዳጅ የሆነ ምስክር ሲያለቅስ የሰማውን ይረሳል፤ ባላንጣ ግን አይረሳም።

ወራሾቼም እዚሁ አሉ። ወንድ ልጄ ዘመንፈስቅዱስ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጧል። ሴት ልጄ ኤልሳቤት ራስጌ ሆና ያልተጣመመ ትራሴን ታቃናለች። የዘመንፈስቅዱስ ሚስት ሙሉነሽ ትናንት ከአገር ቤት ገብታ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ወደ ውስጥ ግቢ ብትባል «እዚህ ይበቃኛል» አለች። እንዲህ ናት።

አስቀድሜ ስለ ቀብሬ። አስከሬኔ አገር ቤት ሄዶ ከባለቤቴ ጎን ይረፍ። በተዝካሬ ላይ ክትፎ አሰናድታችሁ ቆጮውን ከሰው ቤት የምትገዙ ከሆነ ተዝካሩ ይቅርብኝ። እኔን በሰው ቆጮ ከምታዋርዱኝ ነፍሴ እንዲሁ ትለምን።

ዕዳ የለብኝም። ከካሚላ የተዋስኩት ሚዛን አለ፤ ይመለስላት። «ሰባብረሽ ነው እንዴ የምትመልሺልኝ?» ብላለች አሁን እዚሁ ቁጭ ብላ። ስታውሰኝም ሰባራ ነበር። ይህም ይጻፍ።

ይህ የምተኛበት ቤት ከነዕቃው ለኤልሳቤት ይሁን። ኤልሳቤት አላስለቀሰችኝም፤ አላሳቀችኝምም። የቆጮ ሽታ ቀሚሷ ላይ እንዳይቀር ብላ ሱቄ በር ድረስ መጥታ የምትመለስ ልጅ ናት። በዚያ ሽታ መማሯን ግን አትዘንጋ። «ኧረ እማዬ፣ እኔ መቼ?» አለች። ዝም በይ ብያታለሁ፤ ቤት ተሰጥቶሽ ምን ያናግርሻል?

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። የሰበሰብኳችሁ ለእንሰቱ ነው።

ለጓንጉል ልንገረው፤ የጉራጌን አገር አያውቅም። በመንደራችን ከቤት ጀርባ እንሰት ይተከላል፤ ከቤት ፊት ለፊት ጀፎረ አለ። ጀፎረ የመንደሩ ሁሉ የሆነ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም። ጎርፍ ሲወርድ እሱ ላይ ይሰክናል፤ ከብቱ እሱ ላይ ይግጣል፤ ሬሳም ሙሽራም በእሱ ያልፋል። የጀፎረን ዳር በእርምጃ እንኳ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ከባለቤቴ የቀረልኝ እንሰት ከመንደሩ የሰፋው ነው፤ በውስጡም የማይገኝ ዓይነት የለም። ድርቅ የሚችለው አለ፣ በሽታ የሚችለው አለ፣ ቶሎ የሚደርሰው አለ፣ ስብራት የሚጠግነው አለ። ትንሹም ትልቁም ተቀላቅሎ ይተከላል። የድሮ ሰዎች ይህን ያደረጉት እንዲያምርላቸው ብለው አይደለም። አንዱ ዓመት አንዱን ቢገድል ሌላው እንዲተርፍ ብለው ነው።

ልጄ ዘመንፈስቅዱስ ሲኒማ ራስ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ «እናቴ ካለፈች እንሰቱን ነቅዬ ባህር ዛፍ ነው የምተክልበት» ማለቱ ጆሮዬ ደርሷል። ምስክሮች ባሉበት ጠየቅኩት።

«ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ» አለ። መቼስ አይዋሽም፤ በዚህ አባቱን ነው።

አድልታ ነው እንዳይባል የተናገረው እንዳለ ይጻፍለት። እንዲህ አለ፦ «እማዬ፣ እንሰት ተክዬ እስኪደርስልኝ ልጆቼ አድገው ይወጣሉ። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ገብቶ የስንቱን ጓሮ ጨርሶታል። ዝናቡ እንደ ድሮው አይመጣም። ባህር ዛፍ ግን ማንም ሳይንከባከበው ይቆማል፤ በቆረጥሽው ቁጥር ያቆጠቁጣል። ደግሞ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ መርካቶ ተቀምጠሽ ነው እኛን አገር ቤት ያደግነውን ስታዢ የኖርሽው። ኧረ በቃ!»

የመጨረሻዋ እውነት ናት። መርካቶ ተቀምጬ አዝዣለሁ፤ እናት ነኝ፣ አዛለሁ። ሌላው ግን የሰነፍ ነገር ነው። ዝናቡ እንደ ድሮው እንደማይመጣ ማን ያጣዋል? በልግ ሲቀር፣ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ አንዴ ሲዘረግፈው እኔም እሰማለሁ። እህል በረንዳ ወጥቶ የጤፉን ጆንያ ዋጋ ያየ ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። ታዲያ ዝናብ ከከዳ፣ ዝናብ ሲከዳ የሚያኖረውን ነው የሚነቅሉት? ከምንጭ በላይ ባህር ዛፍ የተከሉት የታችኛው መንደር ሰዎች ምንጫቸው የት ገባ? ዛሬ እኛ ጀፎረ ላይ ጀሪካን ተሸክመው የሚያልፉት እነማን ናቸው?

እንሰቱን ለምን እንደምነፍገው ደግሞ ልናገር፤ ምስክሮች ሁሉ ይስሙት።

በቤታችን ወግ እንሰቱን ፍቀን ከምንቀብረው ቆጮ አንድ ጉድጓድ አይነካም። የክፉ ቀን ጉድጓድ ነው። ለገበያ አይወጣም፣ ለድግስ አይወጣም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የቤቱ ብቻ አይሆንም፤ ጎረቤት ሁሉ ይዘገንለታል። ወንድ ደግሞ የቆጮ ጉድጓድ አይከፍትም። ወንድ ይተክላል፣ ሴት ትፍቃለች፤ ጉድጓዱን ሴት ትከፍታለች፣ ሴት ትከድናለች። ይህን ወንዶች የሚስቁበት ተረት አድርገውታል። ተረት አይደለም። ቅጠሉ እንዴት እንደሚደራረብ፣ ድንጋዩ የት እንደሚጫን የምታውቀው እጇን ስትከትበት የኖረችው ናት።

የዛሬ ሁለት ዓመት መስቀል ሲቃረብ ሙሉነሽ ወልዳ እናቷ ቤት ነበረች። እኔ ቆጮ ተራ ሱቄ ውስጥ ነኝ። ገበያው ደርቷል፤ ተሸካሚው «ጀርባ! ጀርባ!» እያለ ይጋፋል። ካሚላ ከጎኔ አዲስ የገባላትን ቆጮ ፈታች። ሽታው መጣ። አማቴ ለኔ፣ እኔ ለሙሉነሽ ያስተላለፍነው የእርሾ ቅጠል አለን፤ ሌላ ቤት አይጨምረውም። የመጣው ሽታ የእሱ ነው።

«ካሚላ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?»

«አይሱዙ ነዋ ያመጣው። ምነው፣ ቀናሽ?»

ቆንጥሬ ቀመስኩት። የክፉ ቀን ጉድጓዳችን ነው! የኔው ልጅ፣ ሚስቱ አራስ ቤት ሳለች፣ ከሌላ አገር የቀን ሠራተኛ ወንዶች አምጥቶ አስከፍቶ፣ መርካቶ ድረስ ጭኖ፣ እናቱ አፍንጫ ሥር ለባላንጣዋ አራገፈው። ሁሉንም እንኳ አልሸጠም። ሠራተኞቹ አፉን በወጉ ሳይከድኑት ሄዱ፤ ውሃ ገባበት፤ የቀረው በስብሶ ትል ወረሰው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። በሽያጩ ምን ገዛበት? የባህር ዛፍ ችግኝ። የት ተከለው? ጀፎረው ዳር! የአባቱ ሬሳ ባለፈበት መንገድ ዳር!

ካሚላ «ወላሂ አላወቅኩም ነበር» ብላ እዚሁ ምላለች። አምኛታለሁ። ብታውቅ ኖሮ በዕልልታ ነበር የምትሸጠው።

በቀጣዩ ዓመት በልግ ቀረ። ክረምቱም ሳሳ። ሰው ጓሮውን ማየት ጀመረ፤ የራበው ያልደረሰውን እንሰት ቆርጦ መብላት ጀመረ። ያልደረሰ እንሰት የሚቆርጥ ሰው የከርሞ ልጁን ነው የሚበላው። ወደኛ ጉድጓድ የመጡት ጎረቤቶች ባዶውን አዩት። ቤቴ ተዋረደ። ልጄ ያን ጊዜ የት ነበር? «ሥራ ልፈልግ» ብሎ እዚህ መጥቶ ጓዳዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ሙሉነሽ ግን የመንደሩን ሴቶች ለአቤቱታ እርጥብ ሣር አስይዛ ጀፎረው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌዎቹ ካልሰሙን አንነሣም አሉ። በሸንጎ ሴት አትቀመጥም፤ እነሱ ግን ሸንጎው ራሱ የሚያልፍበትን መንገድ ያዙበት። ሲሰሟት ጊዜ የተናገረችው ይህ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ ማንም በራሱ ጓሮ እንኳ በራሱ ፈቃድ አይቆርጥም። ሴቶቹ ከጓሮ ጓሮ እየዞሩ የደረሰውን እንሰት ቃጫ ያስሩበታል። የታሰረው ይቆረጣል፣ ለሁሉም ይካፈላል። ያልታሰረ አይቆረጥም። አንድ የቆረጠ በምትኩ ችግኝ ይተክላል፤ ችግኝ የሌለው ካለው ይወስዳል። ሽማግሌዎቹ ተያዩና አጸደቁት። የጀፎረው ዳር ባህር ዛፍም በዚያው ቀን እንዲነቀል ተፈረደ።

የመጀመሪያውን ቃጫ የት አሰረችው? የኔ ጓሮ!

ወሬው ደርሶኝ ደወልኩላት። «ከሌላው ጀምሩ፤ የኔን እንሰት እንዳትነኩ» አልኳት።

«እትዬ» አለችኝ፣ «እርስዎ መርካቶ የሚበሉት አለዎት።» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬ ላይ ስልክ የዘጋ ሌላ ሰው የለም። ያን ቀን ራቴን አልበላሁም። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ይቅር አላልኳትም፤ ዛሬም አላልኳትም። ጋሼ ፍቃዱ «በኑዛዜ ላይ እንኳ ይቅር ባይ ሁኚ እንጂ» ብለውኛል። ይቅርታ ለፋሲካ ነው ጋሼ፤ ዛሬ ንብረት ነው የማካፍለው።

ያ ዓመት ግን አለፈ። ከመንደራችን ማንም ለልመና አልወጣም። ጓሮዎቹም አልጠፉም፤ ዛሬ ከድሮው ይልቅ ዓይነታቸው በዝቷል፤ ችግኝ ከቤት ቤት ዞሯላ።

ይህን ሰምተው የጥናት ሰዎች በመኪና መጡ። ድርቁን የተቋቋማችሁት በማን መሪነት ነው ብለው ጠየቁ። ዘመንፈስቅዱስ ለበዓል አገር ቤት ወርዶ ነበር፤ ሙሉነሽ እሳት ዳር ሳለች ፊት ወጥቶ «በኔ» አለ። የምስክር ወረቀት ሰጡት። ጓዳዬ ውስጥ ሚስማር መትቶ ሰቅሎታል። ይህ ወረቀት ከሞትኩ በኋላ አንድ ቀን እንኳ በቤቴ ግድግዳ ላይ እንዳይውል እናዘዛለሁ። ለሙሉነሽ ይሰጥ፣ ታንድድበት። ሙሉነሽ ይህን ሰምታ «ስሜ የለበትም፣ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ዘመንፈስቅዱስ አንገቱን ደፋ። በዚህ ክፍል ውስጥ አንገቱን ሲደፋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። አገር ቤት ያለው የእንሰት ጓሮዬ ከነቤቱና ከነጉድጓዶቹ ለምራቴ ለሙሉነሽ ይሁን። ዘመንፈስቅዱስ ከጓሮው አንዲት ቅጠል አይድረሰው። መሬት ለወንድ ልጅ ነው የሚለውን ወግ አውቀዋለሁ። ጉድጓድ ወንድ አይከፍትም የሚለውም ወግ ነበር፤ እሱ ሲያፈርሰው ማን ጠየቀው?

ይህን ስናገር ዘመንፈስቅዱስ ብድግ አለ። «እኔን ነቅለሽ ባዕድ ልታወርሺ? ሞተሽ አፈር ሳትቀምሺ ነው ወረቀትሽን የምቀደው!» አለ። ይጻፍ። ገብረ ማርያም «ይህስ ይቅር እትዬ» አለ። ይጻፍ ብያለሁ! የኔ ልጅ የተናገረው ነው። ካሚላም «እኔ ሰምቻለሁ፤ ቅደደውና እንተያያለን» አለችው። ለዚህ ነው የጠራኋት።

ለሙሉነሽ «ተቀብለሻል?» አልኳት።

«አልተቀበልኩም» አለች።

ለገዛ ልጄ የነፈግኩትን ሰጥቻት አልተቀበልኩም ትለኛለች! ምን ጎደለብሽ አልኳት።

«እትዬ» አለች፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ «ባሌን ነቅለው በቦታው እኔን ቢተክሉኝ አልጸድቅም። ልጆቼ አባታቸው ከጓሮው የተባረረበትን መሬት ምን ብለው ያርሱታል? ደግሞስ ወንድ ካልተከለ እኔ ምን እፍቃለሁ? እሱ ይትከል፤ እኔና ሴቶቹ እንሰር። ያልታሰረ ከነቀለ ያኔ ጀፎረው ይፍረድበት። እርስዎ ግን አስቀድመው አይፍረዱበት። እንዲህ ከሆነ እቀበላለሁ፤ አለዚያ ዛሬ ማታውኑ አገሬ ልግባ።»

ዘመንፈስቅዱስ «በሚስቴ ቋጠሮ ልተዳደር?» አለ። ጃፋር ሳቀበት። «አንተ ሰው፣ እኛ ሁላችን በምን የምንተዳደር መስሎህ ነው?» አለው። ጓንጉልም ሳቀ። ልጄ ሊቆጣ ብሎ ሚስቱን አያት፤ እሷ አላየችውም። ተመልሶ ተቀመጠ።

በጣም ተናደድኩ። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ልጄን ለመከራው ልተወው ወስኜ ነበር፤ ይህች ሴት ከእጄ ነጠቀችኝ። ይሁን። ከላይ የተጻፈው ይስተካከል፦ ጓሮው በሙሉነሽ ስም ይሁን። ዘመንፈስቅዱስ ተመልሶ ይትከልበት። የሴቶቹ ቃጫ ያልታሰረበትን አንድ እንሰት ቢቆርጥ፣ አንድ ባህር ዛፍ ቢተክል፣ የጀፎረው ሰዎች እንዳሻቸው ይፍረዱበት፤ እኔ ከመቃብር አልለምንለትም።

የቆጮ ተራው ሱቄ ለእሱ ይሁን፤ መሸጥ ይወዳል። የሚሸጠው ግን ሙሉነሽ የላከችለትን ብቻ ነው። ከክፉ ቀን ጉድጓድ የወጣ አንዲት እፍኝ በዚያ ሱቅ ከተገኘ ሱቁ ለኤልሳቤት ይተላለፍ፤ ሽታውን ያኔ ትለምደዋለች።

ከዚህ በፊት የተናገርኩት ሌላ ኑዛዜ ቢገኝ ይህ ሽሮታል።

ገብረ ማርያም ይህን ሁሉ በኔና በምስክሮቹ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው፤ ቃሌ ነው ብያለሁ። መፈረም እችል ነበር፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በጣት አሻራ ይሁን ተባለ። ቀለሙን የያዘው ዘመንፈስቅዱስ ነው። አሻራዬን ካኖርኩ በኋላ ጣቴን በእጅጌው ጠረገልኝ።

ያን ጊዜ ሙሉነሽን ጠራኋት። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ የምትይዘው ቃጫ እንዳለ ቅድም አይቻለሁ። ክንዴን ዘረጋሁላትና «ነይ እሰሪኝ» አልኳት። «ደርሻለሁ። ከዚህ በላይ ብቆም አረጃለሁ እንጂ ለማንም አልጠቅምም።»

ኤልሳቤት አለቀሰች። ሙሉነሽ መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ተነሥታ አልጋዬ ድረስ መጣች። ክንዴን ያዘች፣ እንሰት እንደምትመረምር አገላብጣ አየችው፣ ብርድ ልብሴ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«አልደረሱም» አለች። «ታኅሣሥ ላይ አዲሱን የክፉ ቀን ጉድጓድ እንሞላለን። አፉን እንደ እርስዎ የሚከድን በመንደሩ የለም። መጥተው ይክደኑልን።»

ሐኪሙ መንገድ አይሆንልሽም ማለቱን ነገርኳት። «ዘመንፈስቅዱስ ያዝልዎታል» አለች።

አሁንም እንቢ አለችኝ። ይጻፍ።

የተናዛዧ የባይነሽ ወልደ ማርያም የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ።

ሲነበብ ሰምተን፣ አሻራዋን ስታኖር አይተን የፈረምን ምስክሮች፦ ካሚላ፣ ጃፋር፣ ፍቃዱ፣ ጓንጉል።

ጸሐፊ፦ ገብረ ማርያም። ተናዛዧ ካተመች በኋላ ጨምርልኝ ብላ ያስጻፈችኝ፦ «ታኅሣሥ ላይ አገር ቤት የሚወስደን መኪና የፊት ወንበሩ ለኔ ይሁን። ሙሉነሽ ከኋላ ትቀመጥ።»